አካውንት ሲቀየር ምን ይዘን እንውጣ?

በደቡብ ሮተርዳም በብዙ የሐበሻ ቤት አንድ ኮምፒዩተር አለ፤ በውስጡም አንድ አካውንት ብቻ። የተከፈተው በአባት ስም ነው። እናት የደችኛ ትምህርቷን የምትሠራው በዚያ ነው፤ የልጆቹ የቤት ሥራ፣ የግብር ወረቀቱ፣ መዝሙሩ፣ ከአዲስ አበባ የተላከው የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ እዚያው ተከማችቷል። አንድ ቀን መለየት ይመጣል። ሚስት ንግድ ምክር ቤት፣ ካ-ፌ-ካ፣ ሄዳ ተመዝግባ የራሷን ሥራ ትጀምራለች፤ ትልቁ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ወይም ዊንዶውስ ራሱ ይታመምና አካውንቱ አልከፈት ይላል። ማይክሮሶፍትም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ስላቆመ፣ አሮጌ ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 11ን የማይቀበልለት ብዙ ሰው አዲስ ገዝቶ በአዲስ አካውንት እየጀመረ ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁሉም የሚጨነቀው ለፎቶና ለሰነድ ነው። ፎቶና ሰነድ ግን ከሁሉ የቀለለው ክፍል ነው፤ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ኮፒ ይደረጋል። ሰው ከወር በኋላ «የት ሄደ?» እያለ የሚፈልገው የማይታየውን ነው፦ ብራውዘሩ ይዞለት የነበረውን የይለፍ ቃል፣ ወርድ ያስታውስለት የነበረውን ስም፣ ከሁሉም በላይ የአማርኛ ፎንቱንና ኪቦርዱን። ስለዚህ እዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል ከተለመደው የተገለበጠ ነው። መጀመሪያ የማይታየው፣ ቀጥሎ የሚታየው ይወሰድ፤ ስረዛው ከብዙ ሳምንት በኋላ ይምጣ።

ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በሲ ድራይቭ ላይ፣ ዩዘርስ በተባለው ፎልደር ውስጥ፣ የራሱን ቦታ ይሰጠዋል። ኮምፒዩተርዎ በደችኛ ከሆነ ይህ ፎልደር «ኸብራውከርስ» ተብሎ ይታይዎታል፤ ዴስክቶፑ «ቢሮብላድ»፣ የሰነዱ «ዶኩሜንተን»፣ የፎቶው «አፍቤልዲንገን» ይባላል። በእርስዎ ስም ያለው ፎልደር መጠሪያውን የሚያገኘው አካውንቱ መጀመሪያ በተከፈተበት ቀን ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት ከተከፈተ የኢሜይልዎን የመጀመሪያ አምስት ፊደላት ይወስዳል፤ በኋላ የአካውንቱን ስም ቢቀይሩትም ፎልደሩ በዚያው በቀድሞው ስም ይቀራል። ያገለገለ ኮምፒዩተር የገዛ ሰው በየፋይሉ አድራሻ ላይ የማያውቀውን ሰው ስም የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው። የፎልደሩን ስም በግድ መለወጥ መዘዙ ብዙ ስለሆነ አይሞክሩት። ኮምፒዩተሩ ከሌላ ሰው የተገዛ ከሆነ ሁሉን አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር፣ የራስዎ ከሆነ ደግሞ አዲስ አካውንት መክፈት ይሻላል።

በዚሁ ፎልደር ውስጥ አፕዳታ የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ። ፕሮግራሞች ስለ እርስዎ የሚያስታውሱትን ሁሉ የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ኤንቲዩዘር-ዳት የሚባል የተደበቀ ፋይልም አለ፤ የዊንዶውስ ምርጫዎችዎን የሚይዘው እሱ ነው። «ሴቲንጉ አብሮኝ ይምጣ» ብሎ ይህን ፋይል ወደ አዲሱ አካውንት የሚገለብጥ ሰው አዲሱንም ያበላሻል። አሮጌው አካውንት ተበላሽቶ ከሆነ የሚሸሹት ነገር ምናልባት ያው ፋይል ነው። አፕዳታን ጠቅልሎ መገልበጥም እንደዚሁ ነው፤ ከውስጡ የሚፈልጉትን እየመረጡ ይውሰዱ። በዊንዶውስ 7 ዘመን ኢዚ ትራንስፈር የሚባል ፋይልና ሴቲንግ በአንድ ላይ የሚያሻግር መሣሪያ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ የለም። በማይክሮሶፍት አካውንት የሚገቡ ከሆነ አንዳንድ ምርጫ በራሱ ይከተልዎታል። የቀረውን የሴቲንግ ገጽ ግን ከመቀየርዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ በአዲሱ አካውንት ላይ እያዩ በእጅ ማስተካከል ከማንኛውም ነጻ ፕሮግራም የበለጠ ያስተማምናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ላስገባ። አንዳንድ ቀን ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ዴስክቶፑ ባዶ ሆኖ «በጊዜያዊ ፕሮፋይል ገብተዋል» የሚል መልእክት ይመጣል። ፋይልዎ አልጠፋም፤ ዊንዶውስ የእርስዎን ፕሮፋይል መክፈት ስላቃተው ጊዜያዊ ቦታ ሰጥቶዎት ነው። በዚያ ሁኔታ ምንም ሥራ አይሥሩ። በጊዜያዊው ዴስክቶፕ ላይ የሚያስቀምጡት ፋይል ወጥተው ሲመለሱ አይኖርም። ኮምፒዩተሩን እንደገና ያስነሡት፤ ያው ከቀጠለ አዲስ አካውንት የመክፈቻው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

የግል ሥራ ያለዎት ከሆነ ጊዜውን ይምረጡ። የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ እዚህ ቤ-ቴ-ቬ የምንለው፣ በየሩብ ዓመቱ ለሚያስታውቅ ሰው የጃንዋሪ፣ የኤፕሪል፣ የጁላይና የኦክቶበር የመጨረሻ ቀናት አካውንት የሚቀየርባቸው አይደሉም። የዓመቱ የገቢ ግብር ማስታወቂያም ከማርች 1 እስከ ሜይ 1 ነው። በእነዚህ መካከል ያለ ጸጥ ያለ ሳምንት ይፈልጉ።

ከዚያ የቢትሎከርን ቁልፍ ያውጡ። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ባለቤታቸው ሳያውቅ ጭምር ዲስካቸውን ይቆልፋሉ፤ መክፈቻው 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ሲሆን ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ኮምፒዩተሩን መጀመሪያ ባዘጋጀው ሰው የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ያ ሰው እርስዎ ካልሆኑ፣ ወይም ያንን ኢሜይል መክፈት ካልቻሉ፣ አንድ ቀን ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ሲጠይቅ መልስ የሚሰጥ አይኖርም። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ከፓስፖርትዎ ጋር ያኑሩት።

ቀጥሎ የሁሉንም ፋይል ቅጂ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያድርጉና ዲስኩን ይንቀሉት። ይንቀሉት የምለው ያለ ነገር አይደለም፤ የራሳችን ከተማ ወደብ ያየው ታሪክ አለ። ጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ቫይረስ ሜርስክ የተባለውን የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ መታው። በማስቭላክተ ያለው የኮንቴነር ሥራው ቆመ። ኩባንያው በኋላ ይፋ እንዳደረገው 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒዩተር በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ማቋቋም ነበረበት። የሠራተኛውን ሁሉ አካውንትና ፈቃድ የሚይዙት ሰርቨሮች 150 ያህል ነበሩ፤ ሁልጊዜ እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተካዋል ተብሎ ነበር። ከአንዱ በቀር ሁሉም በአንድ ላይ ጠፉ። የተረፈው በጋና ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ ያተረፈውም የመብራት መጥፋት ነበር። ቫይረሱ ሲደርስ መብራት ሄዶ ስለነበር ሰርቨሩ ከመረቡ ተለይቶ ቆየ፤ የኩባንያው አካውንቶች እንደገና የቆሙት ከጋና በሰው እጅ ወደ እንግሊዝ በተወሰደ ዲስክ ነው።

ለቤታችን የሚሆነው ትምህርት አንድ ነው። ዋን ድራይቭ፣ ጉግል ድራይቭና አይክላውድ ፋይልን ያመሳስላሉ፤ በአንዱ በኩል የጠፋ በሌላውም ይጠፋል። «ክላውድ ላይ አለልኝ» ብሎ አካውንት መቀየር የጀመረ ሰው፣ አሮጌውን ለማቅለል ብሎ ከዋን ድራይቭ ፎልደር ውስጥ ሲሰርዝ ከክላውዱም እየሰረዘ ነው። የተነቀለ ዲስክ ግን ማንም ሳይነካው እመሳቢያ ውስጥ ይቆያል።

አሁን የማይታየውን እንውሰድ። የይለፍ ቃል በፋይል ኮፒ አይሄድም። ክሮምና ኤጅ ያስቀመጡትን የይለፍ ቃል የሚቆልፉት ከዊንዶውስ አካውንትዎ ጋር በታሰረ ቁልፍ ነው፤ ፋይሉን አዲሱ አካውንት ላይ ቢያስቀምጡት አይከፈትም። ስለዚህ አሮጌው አካውንት ገና በሚከፈትበት ጊዜ ከሁለት አንዱን ያድርጉ። ብራውዘሩን በጉግል ወይም በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ያመሳስሉትና በአዲሱ ላይ በዚያው ይግቡ፤ ወይም ከብራውዘሩ የይለፍ ቃል ገጽ ላይ ዝርዝሩን በፋይል ያውጡት። የሚወጣው ፋይል ማንም ከፍቶ የሚያነበው ግልጽ ጽሑፍ ነው። በአዲሱ አካውንት እንዳስገቡት ያጥፉት፣ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ ያድርጉ፤ በቴሌግራም ለራስዎ አይላኩት። ፋየርፎክስ በዚህ ይለያል፤ ፕሮፋይል የተባለውን ፎልደር ሙሉውን ከወሰዱት የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄዳል።

አካውንቱ የጋራ ከነበረ የሚወጣው ዝርዝር የቤተሰቡ ሁሉ እንደሆነ አይርሱ። ባልና ሚስት ሲለያዩ፣ ወይም አንድ ክፍል የተጋሩ ጓደኛሞች ቤት ሲቀይሩ፣ አንዱ የሌላውን የባንክና የኢሜይል መግቢያ ይዞ እንዳይሄድ፣ እያንዳንዱ የራሱን መግቢያዎች ብቻ አንድ በአንድ ቢወስድ ይመረጣል። ሥራው ይረዝማል፤ ግን ንጹሕ ነው።

ዲጂዲ፣ ማለትም ወደ መንግሥት ገጾች የምንገባበት መለያ፣ ለብዙዎች የሥጋት ምንጭ ስለሆነ በግልጽ ልበል። የዲጂዲ አፕ ያለው ስልክዎ ላይ ነው፤ ባለ አምስት አሃዝ ፒኑም እዚያው። የኮምፒዩተር አካውንት መቀየር አይነካውም። በአዲሱ አካውንት የግብር መሥሪያ ቤቱን ወይም የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱን፣ የኢ-ኤን-ዴን፣ ገጽ ከፍተው እንደ ወትሮው በስልክዎ ኮዱን ያነሣሉ፣ ይገባሉ። በተቃራኒው በዊንዶውስ ሄሎ፣ ማለትም በፊትዎ፣ በጣትዎ ወይም በፒን የሚከፈት ፓስኪ በዚያ ኮምፒዩተር፣ በዚያ አካውንት ላይ ፈጥረው ከሆነ አብሮዎት አይመጣም። እንዲህ የሚገቡበትን ድረ ገጽ ሁሉ አስቀድመው ይለዩና ሁለተኛ የመግቢያ መንገድ ያበጁለት።

ፋይሉ ላይ ደረስን። አዲሱን አካውንት ከሴቲንግ፣ በደችኛው «ኢንስቴሊንገን»፣ ውስጥ አካውንትስ በሚለው በኩል ይክፈቱ፤ ለማሻገሪያው ጊዜ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይስጡት። አንድ ጊዜ ገብተው ይውጡ፤ ፎልደሮቹ የሚፈጠሩት ያኔ ነው። ከዚያ በአዲሱ አካውንት ሆነው ሲ ድራይቭ ላይ ዩዘርስን፣ በውስጡ አሮጌውን ስምዎን ይክፈቱ። ዊንዶውስ ፈቃድ እንደሌለዎት ነግሮ «ልቀጥል?» ይልዎታል፤ ይቀጥሉ። የሰነዱን፣ የፎቶውን፣ የዴስክቶፑን፣ የዳውንሎዱን ይዘት ኮፒ አድርገው በአዲሱ ተመሳሳይ ፎልደር ውስጥ ይለጥፉ።

ኮፒ ነው፤ ከት አይደለም። በአንድ ዲስክ ላይ ከት ተደርጎ የተወሰደ ፋይል የአሮጌውን አካውንት ፈቃድ እንደያዘ ሊሄድ ይችላል፤ ዛሬ ይከፈታል፣ አሮጌው አካውንት ሲሰረዝ ወይም የአስተዳዳሪነቱ ሥልጣን ሲነሣ ግን «አይፈቀድልዎትም» ማለት ይጀምራል። ኮፒ የተደረገ ፋይል የአዲሱን ቦታ ፈቃድ ይወርሳል። ቦታ ሁለት እጥፍ እንደሚፈልግ ግን አስቀድመው ይወቁ፤ ዲስኩ ከግማሽ በላይ ሞልቶ ከሆነ በውጭው ዲስክ በኩል ያሻግሩት። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ከሌለዎት ሌላ መንገድ አለ፤ ፐብሊክ የተባለው ፎልደር ሁሉም ተጠቃሚ የሚያየው ስለሆነ ከአሮጌው ወደዚያ፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ይገልብጡ፤ ሲጨርሱ ከፐብሊክ ያጥፉት።

ከፋይሉ ጎን ትንሽ የደመና ምልክት ካዩ ፋይሉ ኮምፒዩተርዎ ላይ የለም፤ ስሙ ብቻ ነው ያለው፣ አካሉ ዋን ድራይቭ ላይ ነው። ከሌላ አካውንት ሆነው ሊገለብጡት ቢሞክሩ እንቢ ይላል። አስቀድመው በአሮጌው አካውንት ሆነው «ሁልጊዜ በዚህ መሣሪያ ላይ ይቀመጥ» የሚለውን ይምረጡና ወርዶ እስኪያልቅ ይጠብቁ።

ኢሜይልን በአውትሉክ ለሚጠቀም፣ ፒ-ኤስ-ቲ የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል የእርስዎ ማኅደር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰነዶች ውስጥ፣ አውትሉክ ፋይልስ በሚለው ፎልደር ይገኛል፤ ይውሰዱት። ኦ-ኤስ-ቲ የሚለው የሰርቨሩ ጥላ ስለሆነ ይተውት። ተንደርበርድ የሚጠቀም ሰው አፕዳታ ውስጥ ያለውን የፕሮግራሙን ፎልደር ይውሰድ። ቴሌግራም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ አካውንት ብቻ ስለሚጫን በአዲሱ ላይ እንደገና ይጫናል፤ መልእክቶቹ ክላውድ ላይ ስላሉ ይመለሳሉ። በቴሌግራም የወረዱ ፋይሎች ግን አሮጌው ዳውንሎድ ውስጥ፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚባል ፎልደር ቀርተዋል። ብዙ ሰው የቤተሰብ ድምፅና ሰነድ የሚያጣው እዚያ ነው።

አማርኛችን ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ይህን የሚጽፍልን የደችኛም ሆነ የእንግሊዝኛ መመሪያ አላየሁምና። ዊንዶውስ 10 በ2018 መጨረሻ፣ 1809 በተባለው ማሻሻያው፣ የፎንትን አጫጫን ቀየረ። ከዚያ ወዲህ አንድን ፎንት ሁለቴ ነክተው «ጫን» ሲሉ የሚጫነው ለእርስዎ አካውንት ብቻ ነው፤ ፋይሉም የሚቀመጠው በዚያው በተደበቀው አፕዳታ ውስጥ ነው። አዲሱ አካውንት ስለዚያ ፎንት ምንም አያውቅም። በአቢሲኒካ ኤስአይኤል ያዘጋጁት የ40 ገጽ ጽሑፍ በአዲሱ ላይ በኢብሪማ ወይም በኒያላ ይከፈታል፤ ፊደሉ ይነበባል፣ ግን መስመሩ ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ የገጹ ቁጥር ይለወጣል፣ ማውጫው ከገጹ ጋር አይገናኝም። ማተሚያ ቤት ሊላክ የተዘጋጀ መጽሔት ሲሆን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሔው አጭር ነው። በአሮጌው አካውንት አፕዳታ ውስጥ ሎካል፣ ማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ የሚለውን መንገድ ይከተሉ፤ የጫኗቸው ፎንቶች ተሰልፈው ያገኟቸዋል። ወደ ፐብሊክ ይገልብጧቸው። ከዚያ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ለሁሉም ተጠቃሚዎች ጫን» የሚለውን ይምረጡ። ከእንግዲህ ፎንት በጫኑ ቁጥር ይህንኑ ይምረጡ፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ይጠቀምበታል።

ከዩኒኮድ በፊት የተጻፈ ሰነድ ላለው ጉዳዩ ይከፋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ልማዱ ስላልተወን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በፓወር ግዕዝና በቪዡዋል ግዕዝ የጻፍነው ሁሉ በኮምፒዩተሩ ዘንድ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየን ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት አካውንት ሲከፈት የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ የአባትዎ የሕይወት ታሪክ፣ የስብከት ጽሑፉ የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለው አያጥፉት፤ ፎንቱን ይጫኑለት፣ ይመለሳል። እንዲያውም አሮጌውን አካውንት ከመተውዎ በፊት እነዚህን ሰነዶች አንድ በአንድ ከፍተው በፒዲኤፍ ያስቀምጧቸው። ፒዲኤፉ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። ጊዜ ያለው ሰው ወደ ዩኒኮድ ቢመልሳቸው የልጅ ልጅ ይፈልግባቸዋል፤ ፒዲኤፉ ግን ዛሬውኑ ይደረግ።

ኪቦርዱም የየአካውንቱ ነው። በአዲሱ አካውንት ቋንቋ በሚለው የሴቲንግ ገጽ ላይ አማርኛን እንደገና ይጨምሩ። ኪማን የሚጠቀሙ ከሆነ ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ቢኖርም የአማርኛው ኪቦርድ በአዲሱ አካውንት መብራቱን ያረጋግጡ። በዚያው የሰዓት ዞኑን፣ የቀን አጻጻፉንና የደችኛውን ኪቦርድ ያስተካክሉ። ሆላንድ ውስጥ የሚሸጠው ኪቦርድ አብዛኛው የአሜሪካ ኢንተርናሽናል አቀማመጥ ስለሆነ «ኔደርላንድስ» የሚለውን የመረጠ ሰው ምልክቶቹ ሁሉ ቦታቸውን ለቀው ያገኛቸዋል።

ተርጓሚዎችና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች አንድ ተጨማሪ ነገር ይውሰዱ። ወርድ ላይ ለዓመታት «ወደ መዝገበ ቃላት ጨምር» እያሉ ያስገቡት የሰው ስምና የቦታ ስም አፕዳታ ውስጥ፣ ሮሚንግ፣ ማይክሮሶፍት፣ ዩፕሩፍ በሚለው ፎልደር ይገኛል። እዚያው ማይክሮሶፍት ሥር ቴምፕሌትስ የሚለው ፎልደር የደብዳቤ ቅጾችዎን፣ ሲግኒቸርስ የሚለው የኢሜይል ፊርማዎን ይዟል። እነዚህን ሦስት ፎልደሮች መውሰድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ እንደገና መሥራት ግን ሳምንታት ይወስዳል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ራስ ኮምፒዩተር ነው። የአሠሪ አካውንት ሌላ ነው፤ ሮተርዳም ውስጥ በአውትዘንድቢሮ፣ ማለትም በጊዜያዊ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት፣ በኩል ከመጋዘን መጋዘን ለሚዘዋወር ሰው ደግሞ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ውሉ ባለቀ ቀን የሥራ ኢሜይሉ ሊዘጋ ይችላል፤ የደመወዝ ወረቀቱ ያለበት ገጽ መግቢያ በዚያ ኢሜይል ከሆነ በሩ አብሮ ይዘጋል። ሥራ ላይ ሳሉ፣ ዛሬ፣ የመግቢያውን ኢሜይል ወደ ግልዎ ይቀይሩት። ሎንስትሮክ የሚባለውን የየወሩን የደመወዝ ወረቀት ሁሉ፣ ያርኦፕኻቨ የሚባለውን የዓመት ማጠቃለያ፣ ውሉንና የምስክር ደብዳቤውን በፒዲኤፍ አውርደው በራስዎ ኮምፒዩተር ያስቀምጡ። ለግብር ማስታወቂያ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለባንክ ብድር፣ ቤተሰብ ለማምጣት ሲያመለክቱ የሚጠየቁት እነዚህኑ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ወረቀቱ በተጠየቀበት ቀን ነው።

የደንበኛ ስም ዝርዝር፣ የታካሚ ፋይል፣ የሥራ ባልደረቦች ፎቶና አድራሻ ግን ይዞ መውጣት አይፈቀድም። ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ፣ እዚህ አ-ፌ-ኼ የሚባለው፣ ይህን ይከለክላል፤ ለአዲስ ሥራ ይጠቅመኛል ማለት ምክንያት አይሆንም። ሕጉ ለእርስዎም ይሠራል። አካውንቱ ተዘግቶ ከቆየ፣ ስለ እርስዎ የያዘውን መረጃ ቅጂ ከቀድሞ አሠሪዎ በጽሑፍ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ መልሱም በመርሕ ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ መሰጠት አለበት። ሳይቀጠሩ በግላቸው የሚሠሩ፣ ዜት-ዜት-ፔ የምንላቸው፣ የሥራ መዝገባቸውን 7 ዓመት ማቆየት ግዴታቸው ስለሆነ፣ አሮጌ አካውንት ሲዘጉ የቆየ ደረሰኝ «አያስፈልግም» ብለው እንዳይተዉ።

የማኅበሮቻችን ኮምፒዩተር የብቻው አንቀጽ ይገባዋል። በአምስተርዳምም በሄግም በሮተርዳምም ዕድሮች፣ ማኅበሮች፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶች አሉን። ጸሐፊው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ላፕቶፑን በራሱ ስልክና ኢሜይል ከፍቶ ለዓመታት ያገለግላል። ምርጫ መጥቶ ሲቀየር ማኅተሙና የገንዘብ መዝገቡ በቃለ ጉባኤ ይረከባል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከነግል አካውንቱ «እንካ» ተብሎ ይሰጣል። አዲሱ ጸሐፊ የቀድሞውን የግል ፎቶ እያየ ይሠራል፤ የቀድሞው ስልኩን ሲቀይር የማረጋገጫ ኮዱ አይደርስም፤ የአባላቱ ዝርዝር እንደተቆለፈ ይቀራል። የሆላንድ ሕግ ደግሞ ማኅበርም ሆነ ስቲኽቲንግ (ፋውንዴሽን) የሒሳብ መዝገቡን 7 ዓመት እንዲያቆይ ቦርዱን ያስገድዳል። «ጸሐፊው ጋ ነበር» የሚለው መልስ አያዋጣም።

የምለው ይህ ነው። ማኅበሩ በራሱ ስም ኢሜይል ይክፈት፤ የኮምፒዩተሩ አካውንት በኃላፊነቱ ስም፣ ማለትም «ጸሐፊ»፣ «ገንዘብ ያዥ» ተብሎ ይከፈት። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያላቸው ሁለት ሰዎች ይሁኑ። የማረጋገጫው ስልክ የአንድ ሰው ብቻ አይሁን። ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ በታሸገ ፖስታ ከማኅተሙ ጋር ይቀመጥ። ጸሐፊ ሲቀየር ርክክቡ ላይ የይለፍ ቃሉ እዚያው ጉባኤው ፊት ይቀየር፤ የቀድሞው የግል ፋይሉን እንዲያወጣ ጊዜ ይሰጠው፤ ይህም በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ያገለገለን ወንድም ወይም እኅት መጠርጠር አይደለም፤ ከአገልግሎቱ በኋላ ሰላሙን እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ማክ ላላቸው መንገዱ አጭር ነው። ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲሆን ማይግሬሽን አሲስታንት አካውንቱን ከነሴቲንጉ ያሻግራል። በአንዱ ማክ ላይ ከአካውንት ወደ አካውንት ሲሆን ዩዘርስ ውስጥ ያለውን ሼርድ የተባለ ፎልደር እንደ መሸጋገሪያ ይጠቀሙ።

ብቻዎን መሥራት ከከበደዎት በየከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከ2019 ጀምሮ የተከፈቱ የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎት መረጃ ነጥቦች አሉ፤ በነጻ ነው፣ በዲጂዲና በመንግሥት ገጾች ላይ ይረዳሉ። «ክሊክ ኤን ቲክ» የተባለው የኮምፒዩተር ጀማሪዎች ትምህርትም በቤተ መጻሕፍት ይሰጣል። በ2009 አምስተርዳም ላይ የጀመረው ሪፔር ካፌ ዛሬ በየሰፈሩ አለ፤ በብዙዎቹ ኮምፒዩተር የሚያዩ በጎ ፈቃደኞች ይገኛሉ። የሚረዳዎት ማንም ይሁን ማን የይለፍ ቃልዎን ራስዎ ይጻፉ፤ አይንገሩት።

ሁሉ ከተሻገረ በኋላ አሮጌውን አካውንት ቢያንስ ሦስት ወር ሳይነኩት ይተዉት። በእነዚያ ወራት አንድ የግብር ማስታወቂያ ይላካል፣ ጥቂት ደመወዝ ይገባል፣ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ይታተማል፤ የጎደለው ሁሉ ያኔ ራሱን ያሳያል። ከዚያ ስረዛው። ዊንዶውስ አካውንቱን ሲያስወግዱ «አካውንቱንና ዳታውን ላጥፋ?» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቃል፤ በደችኛው «አካውንት ኤን ኸኼቨንስ ፈርቫይደረን» ይላል። እሺ ካሉት ፎልደሩ እንዳለ ይሰረዛል፤ በቆሻሻ ቅርጫቱም አያልፍም። እባክዎ ያንን ቁልፍ ከመጫንዎ በፊት የተነቀለውን ዲስክ ከመሳቢያው አውጥተው ይሰኩና ፋይሎቹ በእርግጥ እንደሚከፈቱ ይመልከቱ።